ከ90ኛው ቀን በኋላ

ቅዳሜ ማታ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ከኮንጎ የመጣችውን እናት ልጠይቃት ሄጄ ነበር። ሻይ ከቀዳችልኝ በኋላ በላስቲክ የታሰሩ ያልተከፈቱ ፖስታዎች ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። አብዛኞቹ የንግድ ማስታወቂያ ሲሆኑ፣ አንዱ ግን የልጆቿ ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) እንዳይቋረጥ ተሞልቶ መመለስ የነበረበት ቅጽ ነው፤ ቀነ ገደቡ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ይህች እናት አራት ልጆቿን ይዛ የመጣችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ነው። ቤቱን ካዘጋጀነው በጎ ፈቃደኞች አንዷ እኔ ነበርኩ። የስደተኞች አቀባበል ደንቡ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ሰሃን፣ ማንኪያና ሹካ መኖር አለበት ስለሚል፣ ኬዝ ማናጀሯ፣ ማለትም የቤተሰቡን ጉዳይ የምትከታተለው የአስፋሪው ድርጅት ሠራተኛ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አምስቱን ማንኪያ አንድ በአንድ ስትቆጥር አስታውሳለሁ። ያን ጊዜ ቆጠራው ትርፍ ድካም መስሎኝ ነበር። ዛሬ እነዚያን ፖስታዎች ሳይ ግን የገባኝ፣ ማንኪያ የምትቆጥረው ሴት ደብዳቤውንም የምትጠይቅ፣ ልጆቹ በ30 ቀን ውስጥ ትምህርት ቤት መግባታቸውንም የምታረጋግጥ፣ ባይሆን ተጠያቂ የምትሆን ሰው እንደነበረች ነው።

ጥር 24 ቀን 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ስደተኛ አስፋሪ ድርጅቶች ሥራ እንዲያቆሙ ሲያዝ፣ እገዳው ገና ያልመጡትን ብቻ ሳይሆን አዲስ መጪ የሚረዳበትን የ90 ቀን የአቀባበል ጊዜ ያልጨረሱትንም ነካ። የአቀባበሉ ገንዘብ የሚሰላው በመጣው ሰው ቁጥር ነውና፣ መጪ ሲጠፋ ደመወዝም የቢሮ ኪራይም አብሮ ይጠፋል፤ ቀድሞ የመጣው ሰው ግን እዚሁ ነው፣ ችግሩም እዚሁ ነው። በ2024 የበጀት ዓመት ከ100,000 በላይ ስደተኛ የተቀበለች አገር ለ2026 ጣሪያውን 7,500 ስታደርግ፣ ለዚያ ብዛት የተገነባ የሰው ኃይል ተበትኖ ያልቃል።

እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ደመወዝ ስላልነበረን ምንም የሚቀርብን አልመሰለንም፤ «እንቀጥላለን» ተባባልን። ብዙም ሳይቆይ ግን ኬዝ ማናጀሯ ከሥራ ተሰናበተች። ማን በየትኛው ቀን መኪና እንዳለው፣ ማን ስዋሂሊ እንደሚችል፣ የማን የወንጀል ማጣሪያ እንዳለፈ የምታውቀው እሷ ነበረች። ከሠላሳ በላይ የነበርነው ስድስት ቀረን። ፈቃዱ ጠፍቶ አይደለም፤ ማክሰኞ ማን ቤት መሄድ እንዳለበት የሚነግር ሰው በመጥፋቱ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ፣ በተለይ ከቤተ ክርስቲያን፣ የመንግሥት ገንዘብ ስለማይታመን በራሳችን እንርዳ ይላሉ። ለወገናችን ይህ እውነት ነው፤ ባለፈው ዓመት ከኤርትራ ለመጣ ቤተሰብ እድሩም ማኅበሩም በአንድ ሳምንት ቤት ሞላለት። ለዚህች እናት ግን ማን ይምጣላት? ቋንቋዋን የሚናገር ጉባኤ በሰፈሩ የለም፣ በኛ ደጅም የሚያውቃት የለም። የወገን እርዳታ ወገንን ይፈልጋል፤ የሕዝብ ገንዘብ ግን ከየት መጣሽ ሳይል ያገለግላል። በ1983 በኢትዮጵያዊ መሥራችነት እዚሁ አርሊንግተን የተቋቋመው የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ልማት ምክር ቤት ከየአገሩ የመጣውን ስደተኛ ሊያሰፍር የቻለው ከራሱ ጥረት ባሻገር በዚህ ገንዘብ ጭምር ነው።

የምመኘው የገንዘቡን መብዛት ብቻ አይደለም። አንድ ሰው መጣ አልመጣ ሳይባል፣ ቢያንስ አንዲት አስተባባሪ ለሦስት ዓመት የምትቆይበት በጀት ቢኖር፣ የእኛ ነፃ ጉልበት መንገድ ያገኝ ነበር።

ቅጹን አብረን ሞላነው። ትልቋ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ እንድትፈርምበት ቦታውን በጣቷ አሳየቻት። ሰኞ ጠዋት ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ከተማው ማኅበራዊ አገልግሎት ቢሮ ይዘነው እንሄዳለን።