ደሜ ውስጥ ሽቦ የለም

አንድ ፓውንድ። ሳንቲሟ እስካሁን ጠረጴዛዬ ላይ አለች። ጠርዟ ላይ በርበሬ ይዛለች። ልተኛ ዓይኔን ስከድን ትመጣብኛለች፤ የምሬን ነው።

ጣጣው የመጣው ከድራማ ነው። «ዋየር ኢን ዘ ብለድ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2008 በእንግሊዙ አይቲቪ የታየ፣ 6 ምዕራፍ፣ 24 ክፍል። እኔ በ11 ቀን ጨረስኩት። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲለው ምን ያድርግ? ድራማው ጨለማ ነው። በየክፍሉ ሰው የሚገድል እንጂ ሰው የሚስቅ ብዙ አታዩም። ምግብ ቀርቦ የሚታይ አይደለም። እኔ እየበላሁ አየሁት። ያኔ ነው መጠርጠር የነበረብኝ።

ዋናው ሰውዬ ዶክተር ቶኒ ሂል ነው። የወንጀለኛ ሥነ ልቦና ያጠናል፤ ፖሊስ ሲጨንቀው እሱን ይጠራል። ሬሳው የተገኘበት ቦታ ሄዶ ይቆማል። ከዚያ ብቻውን ማውራት ይጀምራል። ገዳዩን «አንተ» እያለ ይጠይቀዋል። ቆይቶ ደግሞ ራሱ ገዳዩን ሆኖ ይመልሳል። መርማሪዋ ካሮል ጆርዳን አጠገቡ ቆማ በትዕግሥት ታዳምጠዋለች። (ካሮልን በ4ኛው ምዕራፍ በሌላ ተኳት። አሌክስ ፊልዲንግ ምንም አላጠፋችም፤ እኔ ግን ይቅር አላልኩም።)

ታሪኩ የሚካሄደው ብራድፊልድ በምትባል ከተማ ነው። የመጽሐፎቹ ደራሲ ቫል ማክደርሚድ የፈጠረቻት ከተማ ናት። ድራማውን የቀረጹት ግን እዚሁ እኔ ያለሁበት፣ ኒውካስልና ዙሪያዋ ነው። ቶኒ ሂልን የሚጫወተው ሮብሰን ግሪንም የዚሁ አካባቢ ልጅ ነው። ተዋናይ ሳይሆን በፊት ስዋን ሃንተር የመርከብ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ስለዚህ ወደ ሥራ ስሄድ የማልፍበት መንገድ ሁሉ ወንጀል የተፈጸመበት ይመስለኝ ጀመር።

ልቤን የወሰደው ግን ፌስታሉ ነው።

ዶክተሩ ቦርሳ የለውም። ያን ሁሉ ወረቀት ይዞ የሚዞረው በፌስታል ነው። በፌስታል! ክፍል አንድን አቁሜ ወደ ኋላ መልሼ አየሁት። እኛ ቤት የቤት ካርታ፣ የልደት ካርድ፣ የክትባት ወረቀት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬቴ ሁሉ አንድ ፌስታል ውስጥ ነው ያደገው። እዚህ አገር ለኢሚግሬሽን ቀጠሮ የሄድኩት በፌስታል ነው። የተቀበለችኝ ልጅ ፌስታሉን ያየችበትን አስተያየት አልረሳውም። ለካ እኔ ቀድሜ ዶክተር ነበርኩ! ኩሽናዬ ውስጥ ፌስታሎች የታጨቁበት ፌስታል አለኝ። እናንተም አላችሁ፣ አትዋሹኝ። እሱን ዘርግፌ አንድ ወፍራም፣ እጀታው ያልላላ መረጥኩ። ምርመራ ልጀምር ነው።

ስለ ፌስታል ከተነሳ አይቀር፣ ቶኒ ሂል ሥራ ሲጀምር ሱቅ ፌስታል በነፃ ይሰጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ውስጥ ትልልቆቹ ሱቆች 5 ፔንስ ማስከፈል ጀመሩ። በ2021 ደግሞ 10 ፔንስ ሆነና ትንንሾቹም ገቡበት። ለአካባቢው አስበው ነው፤ ይሁን። ግን ፌስታሉ ላይ የሱቁን ስም ጽፈው ያሸክሙኛል። እኔ ከፍዬ እነሱን አስተዋውቃለሁ። ይሄ ወንጀል ካልሆነ ወንጀል ምንድነው?

ወደ ምርመራው። እናቴ በሰው እጅ 2 ኪሎ በርበሬ ልካልኝ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጠርሙሱን ስከፍት የለም። ትራፊ ብቻ ታች ተጣብቋል። ቤት ውስጥ አራት ነን፦ አንድ ሱዳናዊ፣ አንድ ፖላንዳዊ፣ አንድ የሐረር ልጅና እኔ። እንደ ዶክተሩ ቁጭ ብዬ የሌባውን መልክ በወረቀት አወጣሁ። ወንድ። ከ25 እስከ 40 ዓመት። ያላገባ። ሌሊት የማይተኛ። ከእናቱ ርቆ የሚኖር። ሳነበው አራታችንንም ይገልጻል። እኔን ደግሞ አብልጦ። ይሄን ነጥብ ዘለልኩት።

ጥርጣሬዬ ፖላንዳዊው ላይ አረፈ። ሰሞኑን ዓይኑ ይቀላል፣ ያስነጥሰዋል፣ አፍንጫው ይፈስሳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ሳሎን ውስጥ ሁሉም ባለበት ጠየቅኩት። ልጁ በአበባ ብናኝ አለርጂ ይሠቃያል። የመድኃኒቱን ፓኬት አወጣና ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ሲያፈላ ለሦስት ሰው ነው።

ለነገሩ የእውነቶቹ ባለሙያዎችም ተሳስተዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 ለንደን ዊምብልደን ኮመን ላይ አንዲት ወጣት እናት ተገደለች። ፖሊስ የሥነ ልቦና ባለሙያ ባወጣው መልክ ተመርቶ አንድ ሰው ላይ ሙጭጭ አለ። ሴት ፖሊስ በፍቅር ስም አስጠግቶ ሊያናዝዘው ሞከረ። በ1994 ዳኛው ማስረጃውን አልቀበልም ብለው ሰውየው ነፃ ወጣ። ትክክለኛው ገዳይ በፍርድ ቤት ያመነው በ2008 ነው፤ ድራማው ባለቀበት ዓመት። ይሄ የሚያስቅ አይደለም። ፖላንዳዊውንም አላሳቀውም።

እኔ ግን አላቆምኩም። አንድ ቀን ጓደኛዬ ሞኑመንት ጋ ጠብቀኝ አለኝ። ሐበሻ «አምስት ደቂቃ» ሲላችሁ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያካፋል። ኧርል ግሬይ፣ በሻዩ ስም የምታውቁት ሰውዬ፣ ከዚያ ረጅም ዓምድ ላይ ቁልቁል ያየኛል። እኔ ከዓምዱ ሥር ቆሜያለሁ። በእጄ ፌስታል አለ። በውስጡ ባዶው የበርበሬ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ከቤታችን የቆሻሻ ቅርጫት ከሰበሰብኳቸው የሱቅ ደረሰኞች ጋር። ጊዜ ላለማባከን ወደ ሌባው ጭንቅላት ውስጥ ገባሁ።

«ለምን እኔን መረጥከኝ?» አልኩ፣ በአማርኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ምን አጥተህ ነው? በሚጥሚጣው ለምን አልጀመርክም?»

አንዲት ሸምገል ያሉ እናት የገበያ ጋሪያቸውን እየጎተቱ መጡና ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ኦልራይት፣ ፔት?»

«ፔት» እዚህ አካባቢ «የኔ ልጅ» እንደማለት ነው። የቤት እንስሳም ማለት ነው። የትኛውን እንዳሉኝ እስካሁን አላወቅኩም።

«ሥራ ላይ ነኝ» አልኳቸው። ይሄን ማለት አልነበረብኝም። ፊታቸው ይበልጥ አዘነ። ቦርሳቸውን ከፈቱ። ሳንቲሟን ፌስታሉ ውስጥ ጣሏት። ጠርሙሱ ውስጥ ገብታ ቂው አለች። ያ ድምፅ ነው እንግዲህ ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ። እጄን ሰድጄ ላውጣት ብል እጄ በርበሬ ሆነ፤ በዚያ እጅ ዓይኔን ጠረግሁ። ቀና ስል እሳቸው የሉም። እኔ ደግሞ አደባባይ መሃል ቆሜ አለቅሳለሁ።

ከግሬንጀር ገበያ ሲወጡ ይሄን ሁሉ ያዩት የሰፈራችን እትዬ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። እሳቸው የኔን በደንብ ጠርተዋል።

«ልጄ! ምን ሆነህ ነው?»

«ድራማ ነው እትዬ። ዋየር ኢን ዘ ብለድ የሚባል።»

«ምን ማለት ነው እሱ?»

«ደም ውስጥ ያለ ሽቦ።»

አማተቡ። «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለው ፈጠን ፈጠን እያሉ ሄዱ። ወሬው ከኒውካስል ሊድስ፣ ከሊድስ ለንደን፣ ከለንደን ሜሪላንድ፣ ከሜሪላንድ ገርጂ ገባ። እናቴ ስትደውል ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው።

«ሽቦው ወጣልህ?»

«የምን ሽቦ?»

«ሐኪሞቹ ደምህ ውስጥ ያገኙት ነዋ!»

«እማዬ፣ ድራማ እኮ ነው።»

«ድራማ ነው የሚባለው በሽታው?» ትንሽ ዝም አለች። «ሰው ሲነካህ ይነዝርሃል?»

ግማሽ ሰዓት አስረዳኋት። ገብቷታል ብዬ ነበር። ልትዘጋ ስትል «ለማንኛውም ዝናብ ላይ አትቁም፣ ሽቦ ይዝጋል» አለችኝ።

ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ የታመመ ሊጠይቁ። በድስት ዶሮ ወጥ ይዘዋል። ድስቱ በፌስታል ተጠቅልሏል። አንድ ጉርሻ እንደዋጥኩ ምላሴ አወቀው። የእናቴ በርበሬ!

«እትዬ፣ በርበሬው ከየት ነው?»

«ያንተው ነዋ! ለፋሲካ የሰጠኸኝ። ከሥራ ገብተህ እንቅልፍህን እያንጎላጀህ ጠርሙሱን ገለበጥክልኝ እኮ። በቃ እንኳ ብልህ አልሰማኸኝም።» ግንባሬን በእጃቸው ዳሰሱ። «ይሄም ጠፋብህ? አይ ልጄ።»

ፖላንዳዊው ኩሽና በር ላይ ቆሟል። አማርኛ አይችልም። ግን «በርበሬ» የምትለዋን ቃል በኔ ምክንያት ያውቃታል። እትዬን አየ፣ ድስቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ አስነጠሰው።

እትዬ ሊወጡ ሲሉ በር ላይ ዞር አሉ።

«ድስቱን ሲመችህ ታመጣለህ። ፌስታሉን ግን አሁን ስጠኝ። 10 ፔንስ የገዛሁት ነው።»