በጥቅምት አንድ አጥንት፣ ድሬ ላይ

«በጥቅምት አንድ አጥንት» ይላል ያገሬ ሰው። አዲስ አበባ ላይ የጥቅምት ብርድ ሲገባ ሁሉንም ሰው ሥጋ ሥጋ ይለዋል። እኔ ዘንድሮ አጥንቴን ፍለጋ ወደ ቆላ ወረድኩ። ድሬዳዋ።

ችግሩ፣ የገባሁት ዓርብ ነው።

ጠዋት ከለቡ ባቡር ያዝኩ። አዋሽን አለፍን፣ ሚኤሶን አለፍን። ከመስኮቱ ውጭ ቁጥቋጦና ግመል ነው። ድሬ ስንደርስ ጃኬቴ ክንዴ ላይ ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ በባጃጅ ገባሁ። ሙቀቱ አክንባሎ ሲከፈት ፊት ላይ እንደሚመጣው እንፋሎት ነው። ሁለት ሰዓት ተኛሁና ፀሐይ ስትጠልቅ ወጣሁ።

ድሬ ማታ ሌላ ከተማ ናት። ቀን ጥላ ለጥላ ሲሄድ የዋለው ሰው ሁሉ ደጅ ይወጣል። ማረፊያዬ ከዚራ ነበር። ከዚራ ለእግር የተሠራ ሰፈር ነው፤ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ዳርና ዳሩ ትልልቅ ዛፍ። ባቡር ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ሐሳቡ ሐረር ሊገባ ነበር። ዳገቱ ከበደ፣ ወጪውም ከበደ። ሐዲዱ ከተራራው ግርጌ ቀረና ከተማዋ በሐዲዱ ዙሪያ በቀለች። መጀመሪያ ስሟም «አዲስ ሐረር» ነበር። ፈረንሳዮቹ ያን ጊዜ ቀጥ አድርገው ባሰመሩት ጎዳና ዳር ነው ዛሬ ማታ ማታ ወንበርና ጠረጴዛ የሚወጣው።

የከሰል ጭስ ደግሞ ጾም አያውቅም። ዓርብ ማታ በየጥጉ ሥጋ ይጠበሳል፤ የሙስሊሙ ምድጃ እንደነደደ ነው። ጠረኑን እየሳብኩ ሄጄ፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል ፉል በልቼ ተመለስኩ። ፉሉ ጣፋጭ ነበር። ልቤ ግን ቅዳሜ ላይ ነበር።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። አንድ ቤት ገብቼ ጥብስ አዘዝኩ። ቀድሞ የተጠበሰ ሥጋ ዘይት ውስጥ አሙቀው አመጡልኝ። ማኘክ አቃተኝ። ግማሹን ትቼ ከፍዬ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ያናድደኛል። የሐረርጌን ከብት ያህል ነገር እጅህ ላይ ይዘህ በዘይት መግደል ምን ይባላል?

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ ለተማረው ጓደኛዬ ደወልኩለት። የድሬ ልጅ ነው፤ መጋላ ተወልዶ መጋላ ያደገ። ነገሩን ስነግረው፣

«አቦ! ድሬ መጥተህ ቀን ላይ ሥጋ ትበላለህ?» ብሎ ጮኸብኝ። «አብሽር፣ ማታ መጥቼ እወስድሃለሁ። እስከዚያ ግሽጣ ብላ።»

እውነቱን ነው። ቀፊራ ገበያ ሄጄ ግሽጣ በላሁ፣ ዘይቱናም ጨመርኩ። ወደ ቀፊራ ስሻገር የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ነበር። የባጃጁ ልጅ ፍጥነቱን ቀነሰና፣ «በ98ቱ ክረምት ይሄ ነው ሌሊት መጥቶ ሰው የወሰደው» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጓደኛዬ መጣ። የሄድንበት ቤት የታወቀ ነው፤ ቦታ ለማግኘት ቆመን ጠበቅን። ግቢው መሃል አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ። በስተቀኝ መስቀል የተሳለበት ሥጋ ቤት፣ በስተግራ ጨረቃና ኮከብ የተሳለበት ሥጋ ቤት። ሁለት ቆራጭ፣ ሁለት ሚዛን፣ ሁለት ምድጃ። ጠረጴዛው ግን የጋራ ነው፤ የፈለግከው ጋ ትቀመጣለህ።

«አንተ በዚያ፣ እኔ በዚህ» አለኝና ተለያየን።

ቆራጩ ገና ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ከየት ላድርግልህ?» አለኝ። ጎድን አልኩት፣ ትንሽም ከሽንጡ። የተሰቀለውን ሥጋ በእጁ ጀርባ መታ መታ አደረገውና ቢላውን አሳረፈበት። ሥጋው መሃል ጮማው እንደ ነጭ ክር ገባ ገባ ብሏል። አዲስ አበባ ሥጋ ቤቶች በር ላይ «የሐረር ሰንጋ» ብለው የሚለጥፉት ይሄንን ነው። እዚህ ማስታወቂያ የለውም። ሥጋ ነው በቃ።

የከብቱን ነገር ኋላ ጓደኛዬ አጫወተኝ። አጎቱ ቀርሳ በኩል ገበሬ ነው። መሬቱ ጠባብ ነው፤ ከብት የሚለቀቅበት ግጦሽ የለም። ስለዚህ በሬው አርሶ አርሶ ሲደክም ደጃፍ ላይ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሥራው መብላት ብቻ ነው። የማሽላ ቅጠልና አገዳ፣ ሣር፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የጫት ገረባ፣ ያለው ሁሉ ተቆራርጦ በእጅ ይቀርብለታል። ልጆቹ ናቸው የሚያበሉት፤ አንዳንዴ አፉ ውስጥ ይጨምሩለታል።

«ሊሸጥ ሲሄድ አጎቴ አብሮ አይሄድም» አለኝ ጓደኛዬ። «ልጁን ነው የሚልከው። ወላሂ፣ አይችልም።»

ይሄን ከሰማሁ በኋላ የምሳው ዘይት ይበልጥ አናደደኝ።

ሥጋዬን ተከትዬ ምድጃው ጋ ሄድኩ። ጠባሹ ሽበት የወረራቸው ሰው ናቸው። መቀመጫቸው የቢራ ሳጥን ነው፤ ማራገቢያቸው የካርቶን ቁራጭ። «የምድር ባቡር ልጅ ነኝ» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። ድሬ ላይ ይሄ ትልቅ መታወቂያ ነው፤ አባቱ ለገሃር ያልሠራ የድሬ ሽማግሌ ጥቂት ነው።

አሠራራቸውን ቆሜ አየሁ። ከሰሉ ነበልባሉ እስኪሞት ይጠብቃሉ። ቀልቶ፣ ላዩ ነጭ አመድ ሲለብስ ነው ፍርግርጉን የሚጭኑት። ጎድኑን በአጥንቱ በኩል አስተኙት። ጨው የለም፣ ምንም የለም። ሽንጡን ከዳር አደረጉት። ጮማው መንጠባጠብ ሲጀምር ፍሙ ቦግ ይላል፤ ያኔ ሥጋውን አያገላብጡትም፣ ወደ ጎን ይገፉታል። ቦግ ያለው ሲበርድ ይመልሱታል። እጃቸው አይቸኩልም።

«ጋሼ፣ ለምንድነው በአጥንቱ የሚጀምሩት?» አልኳቸው።

«አጥንቱ እሳቱን ይቀበልለታላ፣ ልጄ። ሥጋው ቀስ ብሎ ይሞቃል። በሥጋው ከጀመርክ ላዩ ይከስላል፣ ውስጡ ደም ነው።»

«ጨውስ?»

«ሲገለበጥ።»

ገለበጡት። ከጣሳ ጨው አፍሰው ከላይ በተኑበት። የሥጋው ፊት ወዝቶ ያብለጨልጫል፤ ጨው ሲያርፍበት ወዲያው ይቀልጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል ፍሙ ላይ ወረወሩ። ቅጠሉ ተንጣጣ፣ ጭሱ ወደ ላይ ሥጋውን አልፎ ወጣ። ለሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ብቻ አቆዩትና አነሱት። ትሪው ላይ ሲያደርጉት የጎድኑን ጫፍ በጣታቸው ነካ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ። አዩኝ። «ሂድ ብላ። ይሄ ወሬ አይወድም።»

ጠረጴዛችን ላይ ሁለት ትሪ መጣ። የእሱ የፍየል ነው፣ የእኔ የበሬ። አስተናጋጇ ትሪዎቹን ስታስቀምጥ ጠየቀች፤ የቱ የማን እንደሆነ ሳታረጋግጥ እጇን አላነሳችም። ቢላም ለየብቻ ሰጠችን። መሃል ላይ የጋራውን አደረገች፤ ዳቦ፣ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ አንድ ሰሃን አረንጓዴ ዳጣ። እኔ ሐረር ቢራ አዘዝኩ፣ እሱ አልኮል የሌለውን ሶፊ። ሶፊም የሐረር ቢራ ፋብሪካ ልጅ ነው።

ግቢውን ዞር ብዬ ሳይ እንደኛ ያሉ ጠረጴዛዎች ብዙ ነበሩ። አንዱ ጋ ስምንት ልጆች ተሰብስበው ትሪያቸው ለሁለት ተከፍሏል፤ ጨዋታቸው ግን አንድ ነው፣ ሳቃቸው ግቢውን ያናውጠዋል። አማርኛው ይጀመራል፣ ኦሮምኛ ይገባበታል፣ ሶማልኛ ይጨርሰዋል። ይሄን ከተማ የምወድበት ምክንያት ተጠይቄ ብዙ ጊዜ መልስ ያጥረኛል። ያን ማታ ያየሁት ጠረጴዛ ነው መልሴ።

ሥጋውን ልንገራችሁ። ጎድኑ ከአጥንቱ ሲላቀቅ ቢላ አልፈለገም። ላዩ ጠንከር ብሎ ይሰበራል፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ አጥንቱ ጋ ያለችው ቀጭን ሥጋ ደግሞ የጭሱን ሽታ ሁሉ ይዛ ቀርታለች። ጨውና ጮማ ብቻ። ሎሚ ጨመቅ አድርጌ አንዱን በዳጣ ሞከርኩ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ባዶውን ይሻላል። ሽንጡ ትንሽ ደርቆብኛል። ጠባሹ ጥፋት የለባቸውም፤ ሁለት ዓይነት ሥጋ በአንድ ጊዜ ማዘዜ ነው። ስትሄዱ ጎድኑን ብቻ እዘዙ።

ጓደኛዬ ፍየሉን አመሰገነ። እኔ በሬውን አመሰገንኩ። አሥራ ምናምን ዓመት ተዋውቀናል፤ በዶርም ጊዜ ከአንድ ሰሃን ሽሮ በልተናል፣ ሥጋ ላይ ግን አንዱ ሌላውን አጉርሶ አያውቅም። አንዳችን ሌላውን ሞክር ብለንም አናውቅም።

ግቢው እየሳሳ መጣ። ጠባሹ የቀረውን ፍም በአመድ ሸፈኑ። የእኔ ትሪ ላይ አጥንት ብቻ ቀርቷል፣ የእሱም ላይ። ልንነሳ ስንል ጓደኛዬ ከመሃሉ ዳቦ ቆረሰ። ዳጣውን በደንብ አጠቀሰበት፣ ሎሚ ጨመቀበት፣ ጠቀለለው።

«አቦ፣ በሞቴ» አለና ወደ አፌ አመጣው።

ጎረስኩ። ዳጣው ዓይኔን በእንባ ሞላው። እኔም አፌ እየነደደ ወደ ዳቦው እጄን ሰደድኩ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል።