የደሴ ቴያትር ቋሚ ቀን ይቆረጥለት

አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር የደሴ የኪነ ጥበብ ሰዎች የክረምቱን ልምምድ ጨርሰው ተመልካቻቸውን ወደ አዳራሽ ይጠራሉ። ጥሪው ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን አዳራሹ አንድ ቀን ሞልቶ በሳምንቱ ጭር የሚልበት ምክንያት ካልተስተካከለ፣ ተመልካች ፍለጋው በየዓመቱ ከዜሮ መጀመሩ አይቀርም። በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ የጎደለን ቋሚ የትርኢት ቀን ነው።

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርም ሆነ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴያትር ተመልካቻቸውን ያቆዩት በታዋቂ ተዋንያን ብቻ አይደለም። በእነዚህ ቤቶች እያንዳንዱ ተውኔት የራሱ የሳምንት ቀን አለው፤ ለወራት ስለሚታይም ያየው ላላየው እየነገረ ተመልካቹን ያበዛዋል። ደሴ ላይ የለመድነው ግን ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ቡድን ድምፅ ማጉያ በጫነ መኪና ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያስነግራል፤ ሰዉ ስለ ተውኔቱ ታሪክ ከመጠየቁ በፊት «እነማን አሉበት?» ይላል፤ ትርኢቱ ይታይና ቡድኑ በማግስቱ ወደ ወልድያ ጉዞውን ይቀጥላል። ያመለጠው አመለጠው ማለት ነው። እንግዶቹ መምጣታቸው መልካም ነው፤ የሚያሳዝነኝ የእኛዎቹም ልጆች ይህንኑ ልማድ ወርሰው ወራት የለፉበትን ሥራ በአንድና በሁለት ትርኢት መዝጋታቸው ነው።

ይህ ሕዝብ መድረክ አይወድም የሚል ካለ የወሎን ታሪክ ዘንግቷል። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያወጣው የላሊበላ የኪነት ቡድን የዚሁ አገር ልጅ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ አዳራሾችን አዘጋ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገብቶ የደሴ ሙዚየም ሳይቀር ተዘረፈ። ያን ሁሉ ያሳለፈ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚስቅበትና የሚያለቅስበት ቤት ከማንም በላይ ያስፈልገዋል።

የቀኑ ምርጫ ግን የአገሩን ኑሮ ያገናዘበ መሆን አለበት። መስከረም 21 የግሸን ማርያም በዓል ስለሆነ በዚያ ሰሞን ከተማው በምእመናንና በመንገደኛ ይጨናነቃል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ትርኢት በዓሉ ካለፈ በኋላ ቢሆን ይሻላል። በረመዳን ደግሞ ማንም ከማፍጠሪያ ሰዓት ጋር የሚጋጭ ቲኬት አይገዛም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወጣት እሑድ ከሰዓት ወደ ደሴ ቢወጣ፣ ትርኢቱ አምሽቶ ካለቀ ታክሲ ከማጣቱም ሌላ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጉም ውስጥ መውረድ ይጠብቀዋል። ስምንት ሰዓት ተብሎ የተነገረ ተውኔት በትክክል ስምንት ሰዓት ላይ መጋረጃው ከተከፈተ ግን ይህ ወጣት በሳምንቱ ጓደኛውን ይዞ ይመለሳል። ሰዓት ማክበር ለእኔ ከአልባሳትም ከመብራትም ይቀድማል።

ስለ ተውኔቶቹ ይዘትም አንድ ነገር ልበል። አንድ ጊዜ የአገራችን ልጆች ባቀረቡት ተውኔት ላይ፣ ዕዳ የያዘው ነጋዴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳለ ሽማግሌው ጎረቤቱ ገብቶ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና ዝግ ባለ ድምፅ «አብሽር የኔ ልጅ» አለው። ከፊቴ የተቀመጡት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው «አብሽር!» ብሎ ለነጋዴው ጮኸለት። አዳራሹ በሙሉ የመድረኩ ጎረቤት ሆነ። ይህን ለማግኘት ውድ ጌጥ አያስፈልግም፤ አንዱ ቤት ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጋራ የሚኖሩበትን፣ መንዙማውና እንጉርጉሮው የሚሰማበትን የወሎን ኑሮ በቅርብ የሚያውቅ ጸሐፌ ተውኔት ይበቃል።

የአዳራሽ ኃላፊዎችን የምለምነው በዚህ ዓመት እሑድን ለአንድ የአገር ቤት ቡድን ቢያንስ እስከ ገና ድረስ እንዲሰጡ፣ ለወይዘሮ ስሕንና ለሆጤ ተማሪዎችም የቲኬቱን ዋጋ ዝቅ እንዲያደርጉ ነው። በትምህርት ቤት የድራማ ክበብ የሚለማመዱት ልጆች ያደገ ሥራ በየሳምንቱ ማየት ከቻሉ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ተውኔት የሚጽፉልን እነሱው ይሆናሉ።