ባለ 25 ሰዓት ቀን

የመርከብ ጉዞ እወዳለሁ ስል ሰው ሁሉ ባሃማስ ይመስለዋል። የመዋኛ ገንዳ፣ የውሃ ሸርተቴ፣ በየቀኑ አዲስ ደሴት፣ በየማታው ጭፈራ። እሱንም ሞክሬዋለሁ። የባለቤቴ ዘመዶች ተሰባስበው ከባልቲሞር ሲሄዱ አብሬ ሄጃለሁ። ልጆቹ ፈነጠዙ፣ እኔም በልቼ ጠጥቼ ተመለስኩ። ምንም አይወጣለትም። የኔ ፍቅር ግን ሌላ ነው። እኔ የምወደው የትም የማይቆመውን መርከብ ነው። ከኒውዮርክ ተነስቶ እንግሊዝ፣ ሳውዝሀምፕተን እስኪገባ ድረስ 7 ሌሊት ሙሉ ውሃ ብቻ የሚያሳየውን።

«እና እዚያ ላይ ምን ትሠራለህ?» ይሉኛል። ምንም። ነገሩ እሱ ነው።

ዛሬ ይህን መንገድ በመደበኛነት የሚመላለስ አንድ መርከብ ብቻ ቀርቷል፤ ኩዊን ሜሪ 2። ፈረንሳይ፣ ሴን ናዜር ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 345 ሜትር ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የሊፍት ጥገና ሠራተኛ ስለሆንኩ መጀመሪያ የማየው ማሽኑን ነው። ሊፍት ውስጥ ገብቼ ጆሮዬን ወደ በሩ ሳስጠጋ ባለቤቴ የማታውቀኝ መስላ ትቆማለች።

ላይነር፣ ማለትም በመደበኛ መስመር ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ፣ እና ክሩዝ፣ ማለትም የሽርሽር መርከብ፣ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ክሩዝ መርከብ ማዕበል ካየ ወደብ ይዘላል፣ መንገድ ይቀይራል፣ ማንም አይቀየመውም። ላይነር ግን ቀጠሮ አለው። በጥር አትላንቲክ ሲቆጣም ጥሶ ማለፍ አለበት። ለዚህ ነው አፍንጫው ረዝሞ የሾለው፣ ብረቱ የወፈረው፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቹም ማዕበል እንዳይደርስባቸው ከፍ ብለው የተሰቀሉት። ስቲቨን ፔይን የሚባለው እንግሊዛዊ ነድፎት ፍጥነቱ እስከ 30 ኖት ይደርሳል፤ በመኪና አቆጣጠር በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከሆዱ በታች አራት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ተንጠልጥለዋል። ሁለቱ ራሳቸውን ስለሚያዞሩ መርከቡ ከኋላው ውሃ ውስጥ የሚዞር መሪ (ራደር) የሚባል ነገር ጭራሽ የለውም። ይህን እራት ላይ ለሰው ሳስረዳ እጄን እንደማወናጭፍ ተነግሮኛል።

ክሩዝ የሚባለው ነገር የተወለደውም ከላይነር ሆድ ነው። አልበርት ባሊን የተባለ የሃምቡርግ ሰው ነበር። የፈረንጆቹ ክረምት ሲገባ በሰሜን አትላንቲክ ተሳፋሪ ይጠፋል፣ መርከቦቹም ሥራ ይፈታሉ። ባሊን በ1891 ጥር ላይ «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችውን መርከቡን ወደ ሜዲትራንያን ለሽርሽር ላካት። ሰዎቹ ያበደ መስሏቸው ነበር አሉ። ዛሬ ያ ሽርሽር ዋናው ሥራ ሆኖ አረፈው፣ ላይነሩ ደግሞ ብርቅ። የላይነሩን ዘመን የዘጋው ጄት ነው። በ1958 ጥቅምት አውሮፕላኖቹ አትላንቲክን በሰዓታት ማቋረጥ ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ማን ለሥራ ጉዳይ ሳምንት ያባክናል?

እኔ አባክናለሁ።

ፍቅሩ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ ባሕር የሌለው አገር ልጅ ነኝ፣ ያደግኩት ጉለሌ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ግን አንድ የባሕር ኃይል ጡረተኛ ነበሩ። ምጽዋ «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ላይ አገልግለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የመጣችው። ቁራጭ ገመድ ከኪሳቸው አይጠፋም። ኳሳችን ግቢያቸው ከገባ አንድ ቋጠሮ ሠርተን ካላሳየን አይመልሱልንም። ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሐይቅ እንኳ ሳያይ የመርከበኛ ቋጠሮ ያውቃል። እኔ ዛሬም መኪና ላይ ዕቃ የማስረው በሳቸው ቋጠሮ ነው።

አሁን ወደ ጉዞው። ወደ ምዕራብ፣ ማለትም ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ሲኬድ፣ ከሰባቱ ሌሊቶች በአምስቱ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። በለንደንና በኒውዮርክ መካከል ያለው አምስት ሰዓት ልዩነት በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ይከፈላል ማለት ነው። ቀኑ 25 ሰዓት ይሆናል። አውሮፕላን ላይ ግን ያን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጭኑባችሁና ሳምንት ሙሉ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችሁ ፈጦ ጣሪያ ታያላችሁ። እዚህ እንቅልፍ ይመረቅላችኋል። ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ነው ጉዱ። ያኔ ሰዓቱ የሚቆረጠው ከቀኑ ላይ ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲል ሰባት ሆነ ይባላል፣ ምሳ ሳይበሉ ምሳ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ወደ ምዕራብ ያዙ።

በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። የት እንደደረስን፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ከሥራችን ያለው ውሃ ስንት እንደሚጠልቅ። ሰው ሁሉ ንግግሩን አቁሞ ይሰማል። አንድ ቀን ታይታኒክ ከሰጠመችበት ቦታ ብዙም እንዳልራቅን ነገረን። ጥልቀቱ 3,800 ሜትር ገደማ። ባለቤቴ አማተበች፣ ከጎናችን የነበሩት አዛውንት እንግሊዛዊ ደግሞ ሾርባቸውን ቀጠሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው።

ሻይ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ነጭ ጓንት ያደረጉ አስተናጋጆች በሰልፍ ይገባሉ፣ ሙዚቀኞች ቫዮሊን ይጫወታሉ፣ ትንንሽ ሳንድዊች ይታደላል። የመጀመሪያ ቀን ሳቄ መጣ። ለሻይ? ከዚያ በኋላ ግን ከሩብ ሰዓት በፊት ሄጄ ወንበር የምይዘው እኔ ሆንኩ።

እራት ላይ ልብስ ይለበሳል። አንዳንድ ማታዎች ጥብቅ ናቸው፤ ጥቁር ሱፍና ቢራቢሮ ክራቫት። ብዙ ሰው ይህን ይጠላል። እኔ እወደዋለሁ፤ በዓመት ስንት ቀን ነው ከሥራ ልብስ የምወጣው? የአገር ልብስም ይፈቀዳል። ባለቤቴ ጥበቡን የለበሰች ማታ ከምግብ ቤቱ በር እስከ ጠረጴዛችን ለመድረስ የፈጀብን ጊዜ! ሁሉም ያስቆማታል። እኔ የተከራየሁትን ሱፍ የጠየቀኝ የለም።

ጠረጴዛ ላይ ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር መቀመጥን ምረጡ። ለሁለት የተለየ ጠረጴዛ አለ፣ ግን ባሕር መሃል ላይ ብቻ መብላት ምን ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ ከእነዚያው ሰዎች ጋር ነው። የኛ ጠረጴዛ ላይ አውሮፕላን የምትፈራ ጡረተኛ አስተማሪ ነበረች፤ እህቷን ለማየት ሌላ መንገድ የላትም። የኛ ጉዞ ፍልሰታ ላይ ስለዋለ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል አንበላም ብለን ለአስተናጋጁ ነገርነው። ከዚያ በኋላ በየማታው የነገውን ዝርዝር አምጥቶ «ይኼ ይሁንላችሁ?» ይል ነበር። ጥሩ በላን። ግን ምግቡ አልጫ ነው፣ የእንግሊዝ ነገር። ሚጥሚጣ በኪሴ ይዤ ነበር። አስተማሪዋ ቀምሳ ዓይኗ ቀላ፣ ውሃ ጠጣች፣ በማግስቱም እጇን ዘረጋችልኝ።

ከመርከቡ ልማዶች በጣም ያሳቀኝ የውሾቹ ነው። ላይ 12ኛው ደርብ ላይ የውሻ ቤት አለ። ውሾቹ ጉዳያቸውን የሚፈጽሙበት የእንግሊዝ የመብራት ምሰሶና የአሜሪካ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ቆሞላቸዋል። እያንዳንዱ በአገሩ ደንብ። ለውሻ ቦታ ማግኘት ለሰው ከማግኘት ይከብዳል፤ አስቀድሞ ያልያዘ አያገኝም። የጭስ ማውጫው ላይ ካሉት ጥሩምባዎች አንዱ ደግሞ ከመጀመሪያዋ ኩዊን ሜሪ የተወሰደ ነው። ሲነፋ 16 ኪሎ ሜትር ይሰማል ይባላል። እኔ የማውቀው ደረት ውስጥ እንደሚሰማ ነው።

ያቺ የመጀመሪያዋ ኩዊን ሜሪ ከሳውዝሀምፕተን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 1936 ነው። ከተማው ሁሉ ወጥቶ ሸኛት። ልክ በሳምንቱ፣ ሰኔ 3 ቀን፣ እዚያው ወደብ ሌላ መርከብ ገባ፤ ስሙ ኦርፎርድ። ከሱ የወረዱት ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። አገራቸው ተወሮ፣ ከሃይፋ በእንግሊዝ የጦር መርከብ እስከ ጂብራልታር፣ ከዚያ እንደማንኛውም መንገደኛ በላይነር። ከወደቡ በባቡር ወደ ለንደን ሄዱ። ሳውዝሀምፕተን ለመሳፈር ተራ ስጠብቅ ይህን አስቤ ነበር። በዙሪያዬ ሰው ሻምፓኝ ይዞ ይስቃል። በዚያው ሰሞን፣ በዚያው ወደብ፣ አንዱ ለደስታ ተሳፈረ፣ ሌላው በስደት ወረደ። መርከብ ሁልጊዜ ሁለቱንም ይጭናል።

እናቴ የምታስበው ሁለተኛውን ነው። አዲስ አበባ ደውዬ «በመርከብ ልሄድ ነው» ስላት ስልኩ ዝም አለ። ሰፈራችን ውስጥ በሊቢያ በኩል ወጥተው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች አሉ። «ሰው ባሕር ላይ የሚወጣው ቸግሮት ነው፤ አንተ ከፍለህ ነው የምትወጣው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። የሻዩን ቪዲዮ ስልክላት ደጋግማ አየችውና «ሰርግ ነው እንዴ?» አለች። ሰላም መግባቴን እስክነግራት ግን አልተኛችም።

ስለ ላይነር ካወራሁ ኤስኤስ ዩናይትድ ስቴትስን መዝለል አልችልም። በ1952 የመጀመሪያ ጉዞዋ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋርጣ ክብረ ወሰን ሰበረች። ዊልያም ፍራንሲስ ጊብስ የነደፋት ናት። ጊብስ እሳት ይፈራ ስለነበር እንጨት የሚባል እንዳይገባ ከለከለ፤ ከፒያኖና ከሥጋ መክተፊያ በቀር። በ1969 ከሥራ ወጥታ በኋላ ፊላደልፊያ ወደብ ላይ ቆማ ዛገች። ከመንገዱ ማዶ አይኪያ የሚባለው የቤት ዕቃ መደብር አለ። ከካፍቴሪያው መስኮት ሙሉ ትታይ ነበር። ከሜሪላንድ ነድቼ «መደርደሪያ ልገዛ ነው» እያልኩ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ። ባለቤቴ መደርደሪያውን አይታው አታውቅም። በየካቲት 2025 ጎታች ጀልባዎች መጥተው ወደ አላባማ ወሰዷት፤ ፍሎሪዳ ዳርቻ ሰጥማ የዓሣ መኖሪያ እንድትሆን። ጉዞዋን በስልኬ ካርታ ላይ ቀን በቀን ተከታተልኩ። አንዳንዶች ከመቆራረጥ ይሻላታል ይላሉ። እኔ አልተጽናናሁም።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጥቂት ነገር። መስኮት የሌለው ክፍል ይበቃል፤ ቀኑን ደርብ ላይ ናችሁና። ሰባተኛው ደርብ ዙሪያውን መሄጃ አለው፣ ሦስት ዙር ከአንድ ማይል ትንሽ ይበልጣል። ሆዳችሁ ከተገለበጠ አረንጓዴ ፖምና ዝንጅብል ጠይቁ። ኒውዮርክ ስትገቡ ገና ሳይነጋ ተነሱ፤ መርከቡ በቬራዛኖ ድልድይ ሥር ሲያልፍ በጭስ ማውጫውና በድልድዩ መካከል የሚቀረው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፣ ሁሉም አንገቱን ዝቅ ያደርጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ደግሞ የሁለቱንም አገር ቪዛ አስቀድሞ ይጨርስ።

ዋናውን ረሳሁ፤ ሻንጣ አይቆጠርም። እንደ አውሮፕላኑ ሁለት ሻንጣ ብቻ የሚል ሰው የለም። ይህን ለንደን ላለችው አክስቴ መናገር አልነበረብኝም። «እውነትህን ነው?» ብላ ወደ ጓዳ ገባችና አንድ ትልቅ መሶብ ይዛ ወጣች፤ ለልጄ። በዚያች ጠባብ ክፍል ሶፋውን ብቻውን ያዘው። ፊሊፒናዊው የክፍላችን አስተናጋጅ ማታ ማታ ትራስ ላይ የሚያስቀምጠውን ቸኮሌት መሶቡ ክዳን ላይ ይደረድርልን ጀመር። ብሩክሊን ስንወርድ የጉምሩኩ ሰው «ምንድን ነው?» አለኝ። «ጠረጴዛ» አልኩት። ክዳኑን አነሳ፣ ውስጡን አየ፣ እኔን አየ። «እሺ፣ ጠረጴዛህን ይዘህ እለፍ» አለኝ።