ሊንደን ወይስ ብሉሞንት

ጓደኛዬ ግሩፑ ላይ የለጠፈችውን የዋይነሪ፣ ማለትም ወይን ጠጅ የሚጠመቅበትና የሚቀመስበት ቦታ፣ ሊስት ካየሁ ጀምሮ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኛል። ባርቦርስቪል፣ ብሉሞንት፣ ሊንደን፣ ክሪሳሊስ፣ ስቶን ታወር፣ ኪንግ ፋሚሊ፣ ሁሉም በአንድ ቅዳሜ! ቨርጂኒያ ውስጥ ከ300 በላይ ዋይነሪ እንዳለ የሆነ ቦታ አንብባ መሰለኝ ሁሉንም በአንዴ ልታዳርሰን ያሰበችው። ካርታውን ብትከፍተው እኮ ብሉሞንት በሩት 7 አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ወጥተሽ ብሉ ሪጅ ተራራ ላይ ነው፣ ኪንግ ፋሚሊ ደግሞ ሻርለትስቪልን አልፈሽ ክሮዜት፣ እኛ የምንነሳው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ እየተጨቃጨቅን ውለን ስንደርስ አብዛኞቹ ይዘጋሉ። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የማየው መንገዱን ነው። አንድ አቅጣጫ መርጦ እዛው መስመር ላይ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት፣ ከዛ በላይ ምላስም አይለይም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ነገር ይሆናል።

ቀጥሎ የሚሄደው ሰው ነው። እህቴ በፆም ስለማትጠጣ ፍልሰታ እስኪፈታ ጠበቅን፣ እሱ እንደውም በጀ፣ መስከረም ላይ ለቀማው የደረሰበት ሰዓት ነው፣ እድለኛ ከሆንሽ ሳጥን ሙሉ ወይን በትራክተር ሲገባ ታያለሽ። ዋናው ጥያቄ አክስቴ ናት። ከአዲስ አበባ መጥታ ሳለ ጥለናት አንሄድም፣ እሷ ደግሞ የምታውቀው ጉደርና አክሱሚት ነው። ባለፈው እራት ላይ ካበርኔ ፍራንክ የሚባል ጥሩ የቨርጂኒያ ቀይ ወይን ከፍቼ ቀዳሁላት፣ አንዴ ቀመሰችና ዓይኗን ጨፍና «ውይ፣ ይሄ ኮምጣጤ ሆኗል እኮ ልጄ» አለች፣ ከዛ ምንም ሳትለኝ የልጆቹን ኮካ አንስታ ግማሽ በግማሽ ቀላቀለችው። ጠጥታ ጨረሰችው ደግሞ። እኔ ጠርሙሱን ስንት እንደገዛሁት አስቤ ዝም አልኩ።

ለሷ ስል ነው ሊንደን ላይ ሙጭጭ ያልኩት። ፔቲ ማንሳንግ የሚባለውን ነጭ ወይን ዘግይተው ለቅመው ጣፋጭ አድርገው ይሰሩታል፣ ጣፋጭ ስል ሽሮፕ ማለቴ አይደለም፣ ኮምጠጥ የሚል ነገር አለው፣ አክስቴ ያንን ያለ ኮካ ትጠጣዋለች ብዬ እወራረዳለሁ። ይሄ ፍሬ ቨርጂኒያን የወደደው በምክንያት ነው። እዚህ በጋው እርጥብ ነው፣ ሙቀቱና ዝናቡ አብረው ይመጡና ወይኑን ሻጋታ ይበላዋል፣ የማንሳንግ ልጣጩ ወፍራም፣ ዘለላው ልል ስለሆነ አየር ያስገባል፣ ይቋቋማል። ቶማስ ጀፈርሰን ራሱ 1773 ላይ ፊሊፕ ማዜይ ከሚባል ጣሊያናዊ ጋር ሆኖ የአውሮፓ ወይን ለማልማት ሞክሮ፣ ያ ሁሉ ሀብትና እውቀት እያለው አልሆነለትም። ያኔ ዛሬ የሚረጨው መድኃኒት የለ፣ ሥር የሚበላው ነፍሳትም አለ። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ እዚህ አገር ደህና ወይን የሚያወጣ ገበሬ ሳይ አክብሮቴ ጨምሯል።

ለዛም ነው ከቪው በፊት ሌብሉን የማየው። ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ ነው የሚመርጠው፣ ተራራ፣ ጀንበር መጥለቂያ፣ ነጭ ወንበር። ግን ጠርሙሱ ላይ «ቨርጂኒያ» ካለ ቢያንስ 75 በመቶው ፍሬ የዚህ ስቴት ነው፣ እንደ ሞንቲሴሎ ወይም ሚድልበርግ ያለ በሕግ የታወቀ የወይን አካባቢ ስም ከተጻፈ 85 በመቶው ከዛ ነው፣ «እስቴት ቦትልድ» ካለ ደግሞ ፍሬውን በሙሉ ራሳቸው አልምተው ራሳቸው ጠምቀው ራሳቸው አሽገውታል። «አሜሪካን» ብቻ የሚል ካየሽ ፍሬው ከካሊፎርኒያ በመኪና ተጭኖ የመጣ ሊሆን ይችላል፣ ያማ ከሆነ ሱፐርማርኬት ሄጄ እገዛለሁ፣ ለምን ቤንዚን አቃጥላለሁ? ሊንደን ሃርድስክራብል የሚሉት የራሳቸው እርሻ አላቸው፣ የምትጠጪው ወይን የወጣበትን ቁልቁለት እየጠጣሽ ታይዋለሽ።

ክሪሳሊስም ሊስቱ ላይ ይቆይ ብያለሁ፣ በሩት 50 መንገዳችን ላይ ነው፣ ኖርተንም እዛ አለ። ኖርተን 1820ዎቹ ሪችመንድ ውስጥ የተገኘ የአሜሪካ የራሷ ፍሬ ነው፣ ቀለሙ ጥቁር ሊባል ምንም አይቀረው፣ ጥርስ ያቀልማል። እውነቱን ለመናገር እኔ አልወደውም፣ ሽታው የወይን ጁስ ይመስለኛል፣ ግን ፈረንሳይ ሄደሽ የማታገኚውን ነገር አንዴ መቅመስ ነው እንጂ።

ባርቦርስቪል ያሳዝነኛል፣ እሱን ማውጣት ከብዶኝ ነበር። የጣሊያኑ ወይን ጠማቂ ዞኒን 1976 ላይ የጀመረው ነው፣ ግቢው ውስጥ ጀፈርሰን ዲዛይን ያደረገው የድሮው የቨርጂኒያ ገዥ የባርበር ቤት ፍርስራሽ አለ፣ 1884 በገና ዕለት የተቃጠለ፣ ኦክታጎን የሚሉት ቀዩ ወይናቸውም ደስ ይለኛል። ግን ሁለት ሰዓት መሄጃ ሁለት ሰዓት መመለሻ ነው፣ ለብቻው ቀን ይያዝለት። ብሉሞንት ላይ ጓደኛዬ አሁንም አልተቀበለችኝም፣ ፎቶ ካልተነሳን ምን ልብስ ልለብስ ነው የምትለው። እንግዲህ ትልበስ፣ ሊንደንም ተራራ አለ።

የቀረው ምግብ ነው። ከወይን ቅምሻው ጋር የሚመጣው የመክሰስ ሰሌዳ ላይ ፕሮሹቶና ሳላሚ ስለሚደረደር ለእህቴና ለአክስቴ አይሆንም፣ አሳማ ነው፣ ቺዝና ዳቦ ብቻ ማዘዝ ይቻል እንደሆነ ደውዬ እጠይቃለሁ። አክስቴ ዳቦ ቆሎ በቦርሳዬ እይዛለሁ ብላለች፣ ከውጭ ምግብ የማያስገቡ ቦታዎች አሉ ብላትም «ቆሎ ምግብ ነው እንዴ?» ብላ ዘጋችኝ። የሚነዳው የጓደኛዬ ባል ነው፣ እሱ ጭራሽ አይጠጣም፣ ስለዚህ መቼ እንደምንነሳም መቼ እንደምንመለስም የሚወስነው እሱ ነው፣ አራት ሰዓት ላይ በሬ ላይ ያልተገኘ ይቀራል ብሏል።