ገመና የያዘ ልቦለድ፦ አነባበቡና አዋዋሱ

የልጅነት ምስጢርንና በቤተሰብ ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን የሚተርክ ጥሩ ልቦለድ ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ ለቅርብ ወዳጁ ይሰጥና «ምንም አልነግርሽም፣ ብቻ አንብቢው» ይላል። ታሪኩን ላለማበላሸት ነው። ነገር ግን ተቀባይዋ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባት ልትሆን ትችላለች፤ ያኔ ገጽ 142 ላይ ሳትዘጋጅ ከትዕይንቱ ጋር ትፋጠጣለች።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የጥቃቱን ዓይነት ንገሩ፣ ፈጻሚው ማን እንደሆነ ደብቁ። «ሕፃን ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት አለበት። ትዕይንቱ ከገጽ 142 እስከ 149 ነው፣ ብትዘዪው ታሪኩ አይጠፋሽም» ማለት ይበቃል። መዝለሉ ክሩን የሚበጥስ ከሆነ በእነዚያ ገጾች የሆነውን በሁለት መስመር ጽፋችሁ መጽሐፉ ውስጥ አስቀምጡላት። ድብደባ፣ ወሲባዊ ጥቃት፣ ራስን ማጥፋት ለየብቻ ይጠሩ። «ከበድ ያለ መጽሐፍ ነው» የሚለው ማሳሰቢያ ምንም አይናገርም፤ ለአንዱ የከበደ ለሌላው አይከብድም።

ደግሞስ ምስጢሩ ቢታወቅ ምን ይጎድላል? አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለዷ ልጅቱ ከገዛ አባቷ ማርገዟን ገና በመግቢያው ታወጣዋለች። ከዚያ በኋላ አንባቢን ይዞ የሚሄደው «እንዴት እዚህ ተደረሰ?» የሚለው ነው።

ከማሳሰቢያ ግን ብዙ አትጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ፣ የበርካታ ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ ሥራ እንዳሳየው ማሳሰቢያ ትዕይንቱ ሲነበብ የሚሰማውን ጭንቀት አይቀንስም፤ እንዲያውም ከንባቡ በፊት ያለውን ስጋት ከፍ ያደርገዋል። ዋጋው ሌላ ነው፤ የገጽ ቁጥር የያዘ ሰው መቼና የት እንደሚያነብ ራሱ ይመርጣል።

ለራሳችሁ ስታነቡ ቀን ላይ ቢሆን ይሻላል። ሌሊት ያነበቡት ትዕይንት እንቅልፍ ውስጥ ሊከተል ይችላል። በአንድ ጊዜ 30 ወይም 40 ገጽ በቂ ነው፤ ስታቆሙም ምዕራፉ ሲያልቅ ይሁን፣ በመሐል የተቋረጠ ትዕይንት ጭንቅላት ውስጥ ሊቀጥል ይችላል። ልብ ሲመታ ወይም እጅ ሲቀዘቅዝ መጽሐፉን ዘግታችሁ የምታዩአቸውን 5 ነገሮች፣ የምትዳስሷቸውን 4፣ የምትሰሟቸውን 3፣ የምታሸቷቸውን 2፣ የምትቀምሱትን 1 በየስማቸው ጥሩ። ቅዠቱ ሳምንታት ከዘለቀ ግን ነገሩ ከመጽሐፍ አልፏልና የባለሙያ እርዳታ ያስፈልጋል።

ተራኪዋ ሕፃን ከሆነች ሁለተኛ ንባብ ይገባዋል። ሕፃን ለሆነባት ነገር ስም የላትም፤ የበሩን ድምፅ፣ የሳሙናውን ሽታ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ትናገራለች። በመጀመሪያው ንባብ ጌጥ የመሰለን ዝርዝር በሁለተኛው ምስክርነት ሆኖ እናገኘዋለን። እርሳስ ይዛችሁ ተራኪዋ ወሬ የምትቀይርባቸውን ቦታዎች አስምሩ፤ ደራሲው የደበቀው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

በቡድን ሲነበብ ከ6 እስከ 8 ሰው፣ ሦስት ስብሰባ፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ይበቃል። ከባዱን ክፍል መሐል ላይ አድርጉና የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ለቋንቋውና ለአወቃቀሩ ተዉ፤ ሰው ከዚያ ትዕይንት በቀጥታ ተነሥቶ ወደ ቤቱ አይሂድ። ውይይቱን የሚያበላሸው ጥያቄ ደግሞ የታወቀ ነው፦ «ታዲያ ለምን አልተናገረችም?» ጠያቂው ክፋት የለበትም፤ ግን ዝም ብላ የተቀመጠች አንዲት ሰው በራሷ ላይ የተፈረደ አድርጋ ልትሰማው ትችላለች። «ብትናገርስ ማን ይሰማት ነበር?» ብላችሁ ለውጡትና ከጽሑፉ ፈልጉ። ልጅቱ ለመናገር ሞክራ ትልልቆቹ ሳይሰሙ ያለፉበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይገኛል።

በመሐል አንዷ «እኔም ደርሶብኛል» ብትል መጽሐፉ ይቆይ። «ስለነገርሽን እናመሰግናለን፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት በቂ ነው። ማን፣ መቼ፣ የት ብሎ መመርመር የለም፤ ሌላውም የራሱን ታሪክ ቀጥሎ እንዳያነሣ፣ የእሷ ቃል ይዋጣል። በማግሥቱ አንድ ሰው ለብቻ ይጠይቃት። የተናገረው ሕፃን ከሆነ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። የተናገረውን በራሱ ቃል ጻፉ፣ መልስ በአፉ የሚያስገባ ጥያቄ አትጠይቁ፣ ተጠርጣሪውንም ሄዳችሁ አታፋጥጡ፤ ጉዳዩን ለሕፃናት ጥበቃ አካል አሳውቁ።

ጥቃት ደርሶባት ይሆናል ብላችሁ ለምትጠረጥሯት ሰው መጽሐፉን እንደ ፍንጭ መስጠትማ ጨርሶ አይሆንም። የሚደርሳት መልእክት «አውቄብሻለሁ» የሚል ነው። የትዕይንቱን ገጽ ፎቶ አንሥቶ በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍም ያው ነው፤ ሳይመርጥ የሚያየው ሰው አለ።

መጽሐፉ ሳይነበብ ቢመለስ «እስከ ስንተኛው ገጽ ደረስሽ?» አይባልም። ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ መመለስ ነው።