ረጃጅሞቹን የኖርዌይኛ ቃላት ከመጨረሻቸው መፍታት

ኖርዌይ በገባሁባቸው የመጀመሪያ ወራት ከሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ያስጨንቀኝ የነበረው ቃል «ኦፕሆልስቲላተልሰ» ነው፤ በላቲን ፊደል 18 ሆሄያት ያሉትና አንድም ክፍተት የሌለበት ይህ ቃል የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ቃል ድፍኑን በቃል መያዝ እጅግ ያደክማል። መገጣጠሚያውን ላገኘ ሰው ግን ሁለት ተራ ቃላት ብቻ ይሆናሉ፦ «ኦፕሆል» ቆይታ፣ «ቲላተልሰ» ፈቃድ፤ በመካከላቸው ያለችው «ኤስ» የራሷ ትርጉም የሌላት፣ ሁለቱን የምትሰፋ ክር ናት። መዋዕለ ሕፃናትን በሚያመለክተው «ባርነሃገ» ውስጥ ደግሞ «ባርን» የተባለውን ልጅና «ሃገ» የተባለውን የአትክልት ቦታ የምታያይዘው «ኤ» ናት።

ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ይቀመጣል፤ ትርጉሙንም ጾታውንም የሚወስነው እርሱ ነው። «ሁስ»፣ ማለትም ቤት፣ ጾታውን የምታመለክተው ቃል «ኤት» እንደምትቀድመው ሁሉ፣ «ሲከሁስ» የሚባለውን ሆስፒታልም የምትቀድመው «ኤት» ናት። ይህ ለእኛ እንግዳ አሠራር አይደለም። «ትምህርት ቤት» ስንል ዋናው ቃል መጨረሻ ላይ ነው፤ ከግእዝ በወረስነው «ቤተ መንግሥት» ደግሞ ዋናው ቀድሞ፣ «ቤት» ወደ «ቤተ» ተለውጦ ይያያዛል። አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ቢያስተውል ብዙ ድካም ይቀርለታል ብዬ አምናለሁ።

በአረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ ስጀምር ነገሩ ከቋንቋ ፈተና አልፎ የኃላፊነት ጉዳይ ሆነብኝ። የደም ግፊት መድኃኒት በአንድ ቃል «ብሉትሪክስመዲሲን» ይባላል፦ «ብሉ» ደም፣ «ትሪክ» ግፊት፣ «መዲሲን» መድኃኒት። «ብሉትሪክ» ራሱ ጥምር ቃል ስለሆነ ሌላ ሲታከልበት «ኤስ» ይገባል፤ ኖርዌይኛ ብዙ ጊዜ ዋናው መገጣጠሚያ የት እንደሆነ የሚያሳየው በዚህ መንገድ ነው።

ያለ ቦታው የገባ ክፍተት ትርጉምን ይገለብጣል። «ሮይክፍሪት» አንድ ላይ ሲጻፍ ሲጋራ የማይጨስበት ማለት ሲሆን፣ ተለያይቶ ሲጻፍ «እንደ ልብህ አጭስ» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ኖርዌያውያን ራሳቸውም ስለሚሳሳቱት «ሳርስክሪቪንግ» የሚል ስም አውጥተውለታል።

በመስመር መጨረሻ ቃል ሲከፈልም ክፍፍሉ የሚከተለው ይህንኑ መገጣጠሚያ ነው። «ቡስ» እና «ሾፎር» ተጣምረው የአውቶቡስ ሾፌር ሲሆኑ በላቲን ፊደል ከ«ቡስ» መጨረሻ ሁለት፣ ከ«ሾፎር» መጀመሪያ አንድ፣ በድምሩ ሦስት «ኤስ» ስለሚገናኙ አንዱ ይወድቃል፤ ቃሉ በሰረዝ ሲከፈል ግን የወደቀው ይመለሳል።

በንግግር ደግሞ ጠንካራው ድምፅ የሚያርፈው በመጀመሪያው ክፍል ላይ ነው። ሁሉንም ክፍለ ቃላት በእኩል ኃይል ስንናገር አድማጩ የተለያዩ ቃላት የሰማ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ለመረዳት ከመጨረሻው የፈታነውን ቃል ለሌላ ሰው ስንናገር፣ ለምሳሌ «ብሉትሪክስመዲሲን» ስንል፣ «ብሉ» ላይ ጠበቅ፣ በቀሪው ላይ ለቀቅ ማድረግ ይኖርብናል።